አንድ ጊዜ የሚጠይቀው በር

አዋሽ ማዶ ከተማ ውስጥ ሰው ስሙን ሲናገር ሰፈሩን አስከትሎ ነው። "ዘሪሁን፣ ቀለበት።" "ሰአዳ፣ ሰባት ጥላ።" ሰፈር የሌለው ሰው ስሙን ቢናገርም የሚመዘግብለት የለም፤ የእንፋሎት ጣቢያው ደግሞ ያልተመዘገበ ሰው አይቀጥርም። ውዳላት ደባሽ ይህን ያወቀችው የቅጥር ደብዳቤዋን ይዛ፣ አባቷንና ሦስት ሻንጣ አስከትላ ከኮምቦልቻው ባቡር ከወረደች በኋላ ነው። ደብዳቤው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ግን ከታች፣ ደስ ያለው ሰው በማያነብበት ቦታ። "ሠራተኛዋ እስከ ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሰፈር ይዛ ትቅረብ" ይላል። የደረሱት ማክሰኞ ጠዋት ነበር።

መመለስ የሚባል ነገር አልነበረም። ኮምቦልቻ የነበረውን ቤት ከመነሳታቸው በፊት አስረክበዋል። ሕጉ ባዶ ቤት አይወድም፤ ባለቤቱ የለቀቀው ቤት በሳምንቱ ለሌላ ይሰጣል። ውዳላትማ የፓምፕ ባለሙያ ናት፤ ወጣትም ናት፤ አንዱ ሰፈር ባይቀበላት ሌላው ይቀበላታል። የሚያሳስቧት አባቷ ናቸው። ሰፈር ያላገኘ ሽማግሌ ዓርብ ዓርብ በሚነሳው ባቡር ተጭኖ ወደ አረጋውያን ማቆያ ይላካል። ማቆያው ንጹሕ ነው ይባላል፤ እዚያ ቆይቶ ተመልሶ የመሰከረ ግን የለም።

አቶ ደባሽ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከኮምቦልቻ አሳይታ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። መንገድ ዳር ቤት ያለው ሁሉ ያውቃቸው ነበር። ገበታ ቀርቦ "ይብሉ እንጂ" ሲባሉ "ኧረ ጠግቤያለሁ" ይላሉ፤ ሁለተኛ ሲለመኑ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ በሦስተኛው፣ "በሞቴ" ሲባሉ፣ እያመነቱ ይቀርባሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በመጀመሪያው ጥሪ የቀረቡበት ገበታ የለም፤ ጦማቸውን ያደሩበት ቀንም የለም። አሁን ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ "ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይ እንዳያገኝዎት" ብሏቸዋል፤ አዋሽ ማዶ ውስጥ ደግሞ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ያለ ጥላ የሚቆመው ምሰሶ ብቻ ነው።

ባቡር ጣቢያው በር ላይ አወል የሚባል ደላላ ተቀበላቸው። በዚያ ዘመን ብዙ ሥራ በማሽን ተተክቷል። ሐኪም ተተክቷል፣ ዳኛ ተተክቷል። ደላላ ግን አልተተካም፤ ማሽንም የሚያፍርበት ሥራ ያለ ይመስላል። አወል ቀጭን፣ ፈጣን፣ አርባን ያለፈ ሰው ነው። ሰላምታውም አጭር ነው።

"ደህና ናችሁ?" አለ።

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፤ አንተስ እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች አደጉ? አገሩ እንዴት ነው፣ ሙቀቱ—" አቶ ደባሽ ጀመሩ።

"ደህና" አለ አወል፣ ሻንጣ እያነሳ። "የሚያዋጡ ሦስት ሰፈሮች አሉ። ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ፣ ሐሙስ አንድ እናያለን።"

ማክሰኞ ቀለበትን አዩ። ክብ ሆነው የቆሙ ረጃጅም ፎቆች ናቸው፤ በመካከላቸው ውሃ ይረጫል፤ ሰዉ እርጥብ ልብስ ለብሶ በዝምታ ይመላለሳል። ከጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ውዳላት ወደደችው። የመግቢያው በር አቶ ደባሽን ከእግር እስከ ራሳቸው አየና ሳይናገር ተዘጋ። ቀለበት ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው እንደማይቀበል አወል ያውቅ ኖሯል።

"ታዲያ ለምን አመጣኸን?" አለችው ውዳላት።

"ብቻሽን ትገቢ እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ። ብዙ ሰው ይገባል።"

አቶ ደባሽ እንዳልሰማ ሰው ፎቁን ቀና ብለው አዩት። ውዳላት ደላላውን በጥፊ ማለት አማራት፤ ግን ሰፈር የሚያውቀው እሱ ነውና ዋጥ አደረገችው።

ረቡዕ ጠርዝ የሚባለው ሰፈር ሄዱ። እዚያ ማንም ሰው ምንም አይጠየቅም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። ጥላ የለም። አምስት ሰዓት ሲሆን ሳይረን ይነፋል፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ እግሩን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ልጆች ትምህርታቸውን የሚማሩት በዚያው እግራቸውን እንደነከሩ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሁለተኛው ሳይረን ሲነፋ ጎረቤት የጎረቤቱን ግድግዳ ይደበድባል። ከወዲያ በኩል መልስ ካልመጣ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀልና መኪና ይመጣል። ይህን ያስረዳቻቸው ሴት ስትናገር የገበያ ቀን የምትቆጥር ነበር የሚመስለው። ውዳላት ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ አራት ቀይ ጨርቅ ቆጠረች። አባቷም ሲቆጥሩ አየቻቸው።

"ጥሩ ሰፈር ነው" አሉ አቶ ደባሽ። "ሰዉ ይተሳሰባል። ለእኔ ይበቃል።"

ምሳ የበሉት ከዚያ ሲመለሱ፣ ድልድዩ ሥር ባለ ምግብ ቤት ነው። አስተናጋጇ ወጡን ጨለፍ አድርጋ አወጣችና ጭልፋውን በአየር ላይ እንደያዘች "ይጨመር?" አለቻቸው።

"ኧረ በቃኝ የኔ ልጅ" አሉ አቶ ደባሽ፤ እንደ ልማዳቸው።

አስተናጋጇ ጭልፋውን መለሰች። ትሪውንም ከፊታቸው አንስታ ሄደች። ሽማግሌው ሁለት ጉርሻ እንኳ በወጉ አልጎረሱም። እጃቸው በአየር ላይ ቀረ።

አወል ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። "ጋሼ፣ ይሄን ነገር ዛሬውኑ ይወቁት። እዚህ ከተማ የቃል ሕግ ከወጣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። የተናገሩት ነገር ፊርማ ነው። ሰውን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ ደግሞ ጫና ነው፤ ያስቀጣል። ‘በቃኝ’ ካሉ በቃዎት። ነገ ሰባት ጥላ በር ላይ ይጠይቁዎታል፤ አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁዎት። ይሉኝታዎን ሻንጣ ውስጥ ቆልፈውበት ይምጡ።"

"ገባኝ፣ ገባኝ" አሉ አቶ ደባሽ። የገባቸው መሰለ።

ሐሙስ ሰባት ጥላ ደረሱ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ተደራርበው ከተዘረጉት ሰባት ሸራዎች ነው፤ ከእነሱ ሥር ያለው ብርሃን የማለዳ ብርሃን ይመስላል። ዛፍ አለ። አግዳሚ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ሽማግሌዎች አሉ። አቶ ደባሽ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ሲያዩ ትከሻቸው ዝቅ አለ፤ ለሁለት ቀን ትንፋሻቸውን ይዘው የቆዩ ይመስል በረጅሙ ተነፈሱ። ውዳላት አየቻቸው። እዚህ ካልገቡ ሌላ ቦታ እንደሌለ ያን ጊዜ ቁርጧን አወቀች።

የበሩ ድንጋይ ላይ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" የሚል ተቀርጿል። አባቶች ሲተርቱት ምክር ነበር። እዚህ ደንብ ሆኗል።

እያንዳንዱ ሰው ለብቻው በጠባብ ክፍል ይጠየቃል። ውዳላት ቀድማ ገባች። የበሩ ድምፅ የሚያነጋግረውን ሰው አነጋገር ይይዛል፤ ልክ ኮምቦልቻ እንዳደገች ሴት አወራት። ሥራዋን፣ ጤንነቷን፣ ሌሊት ፓምፕ ቢበላሽ ትነሳ እንደሆነ ጠየቃት። እንደተመከረችው ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ መለሰች። አራት ደቂቃ አልፈጀም።

አቶ ደባሽ ሲገቡ ድምፁ "እንዴት ዋሉ አባባ?" አላቸው።

በወሎ አነጋገር፣ በዚያ ለዛ። ከተማዋ ከገቡ ጀምሮ እንዲህ አድርጎ ሰላም ያላቸው የለም። ሽማግሌው የሰው ቤት የገቡ መሰላቸውና የመኪና ነጂነታቸው ዘመን ተመለሰባቸው። ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው በርቷል።

"ደግ ሰው ነው" አሉ። "የአገራችን ልጅ ሳይሆን አይቀርም።"

አወል ዓይኑን ጨፈነ።

ውጤቱ በወረቀት ወጣ። የውዳላት ወረቀት አረንጓዴ ነው፤ ሰባት ጥላ፣ ሦስተኛ መስመር፣ የአንድ ሰው መኖሪያ። የአቶ ደባሽ ነጭ ነው፤ ነጭ ወረቀት የደረሰውን ሰው ጠርዝ እንኳ አይቀበለውም። ከላይ የዓርቡ ባቡርና የወንበራቸው ቁጥር ተጽፏል። ከሥሩ የራሳቸው ቃል እንዳለ ሰፍሯል። "ጥያቄ፦ ከልጅዎ ጋር በሰባት ጥላ መኖር ይፈልጋሉ? መልስ፦ ኧረ እኔ የትም እሆናለሁ። እሷን ይመቻት እንጂ እኔን አታስቡኝ። እናንተንም ማስቸገር ነው።"

ውዳላት ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"አባዬ፣ ምን ነካህ? ትናንት አልተነገረህም?"

"ምን አጠፋሁ? ጨዋ የሚመልሰውን መለስኩ። ከዚያ በኋላ ‘ኧረ ግድ የለም አባባ፣ ይግቡ’ ማለት የእሱ ነበር።"

"እሱ ሰው አይደለም!"

"በአፋችን አናገረኝ እኮ" አሉ፤ ድምፃቸው እያነሰ። የተታለሉት እዚያ ላይ ነበር።

አንድ መንገድ ቀርቷል። የቃል ማረሚያ ይሉታል፤ በዕለቱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተናጋሪው ራሱ ቀርቦ ቃሉን የሚያርምበት ነው። ቤተሰብ በመስታወት ማዶ ሆኖ ይሰማል፤ አፉን ቢከፍት ወይም በእጁ ቢጠቁም ጫና ይባልና ጉዳዩ ይዘጋል። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ከፊታቸው አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፏል።

"አንድ ቃል ናት ጋሼ" ይላል አወል፣ ሰልፉ ወደፊት ባለ ቁጥር እየደጋገመ። "‘እፈልጋለሁ።’ በቃ። ይቺን ብቻ።"

"እና ሰው ደጅ ቆሜ አስገቡኝ ልበል?" አሉ አቶ ደባሽ። "በሰባ አራት ዓመቴ? ለማኝ እንኳ ‘ስለ ማርያም’ ብሎ ሌላ ስም ይጠራል እንጂ ‘እኔ እፈልጋለሁ’ አይልም።"

"ነገ ባቡር ላይ ይጭኑሃል!" ውዳላት ጮኸች። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እዚያ ብቻህን ነህ። ይገባሃል? ማንም ‘በሞቴ’ አይልህም።"

ሽማግሌው ነጩን ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። አሥር ሰዓት ሆነ። ከፊታቸው የነበረች ሴት ገባችና ወዲያው እያለቀሰች ወጣች። አሥር ተኩል ሆነ። ሦስት ሰው ቀረ። ውዳላት አባቷ ገብተው እንደገና "እኔን አታስቡኝ" ሲሉ ታያት፤ ደግነታቸው እሷን ከማስቸገር ራሳቸውን መጣል እንደሚያስመርጣቸው ታውቃለች። በዚህ አባቷን ጠላቻቸው፤ መጥላቷም አሳፈራት።

ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ሲሆን ስማቸው ተጠራ።

በማረሚያው ክፍል የበሩ ድምፅ የማንንም አገር አነጋገር አይዝም። ደረቅ ነው። "ደባሽ እሸቴ። ከልጅዎ ከውዳላት ጋር በሰባት ጥላ መኖር ይፈልጋሉ? አሥር ሰከንድ አለዎት።"

አቶ ደባሽ ኮፍያቸውን አወለቁ። ግድግዳው ላይ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ስምንት። ሰባት። በከንፈራቸው አንድ ነገር ጀምረው ተዉት። አምስት። ውዳላት መስታወቱን በጥፍሯ እንዳትነካው እጆቿን ብብቷ ሥር ቆልፋለች። ሦስት።

"እፈልጋለሁ" አሉ።

ውዳላት ያለቀ መስሏት እጆቿን ከብብቷ አወጣች። አላለቀም።

"የመጀመሪያው ቃልዎ ከዚህ ጋር ይጣረሳል። ለምን ተናገሩት?"

"ደግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ነዋ።"

"እንዲህ ያለ ምክንያት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዚህ በፊት በዚሁ መንገድ የማይፈልጉትን ተናግረው ያውቃሉ? ምሳሌ ያቅርቡ። ምስክር ያስፈልጋል።"

አቶ ደባሽ ወደ መስታወቱ ዞሩ። በእሳቸው በኩል መስታወቱ ጥቁር ነው፤ ልጃቸው ከኋላው እንዳለች ግን ያውቃሉ። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይቅርብኝ" አሉ።

"ምሳሌ ካልቀረበ የመጀመሪያው ቃል ይጸናል።"

ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩት። "እንግዲያው" አሉ፤ "ኮምቦልቻ ቤት ነበረን። እናቷ ያረፈችበት ቤት ነው። ልጄ ሥራ አገኘችና ‘ቤቱን እናስረክበው ወይ?’ አለችኝ። እኔም ‘እንዳሻሽ፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል’ አልኳት። አልፈለግሁም ነበር። ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በየማታው በር በሩን አይ ነበር። በአራተኛው ቀን ቁልፉን ይዛ ሄደች።"



"ምስክር፣ ውዳላት ደባሽ" አለ ድምፁ፤ አሁን የሚያናግረው በእሷ በኩል ነው። "ሰውየው እንደማይፈልጉ ያውቁ ነበር? ካላወቁ ምሳሌው ውድቅ ነው። አሥር ሰከንድ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ያን ሳምንት አባቷ እራት አልበላ ብለው ነበር። በአትክልቱ ውስጥ ቆመው ግድግዳውን በመዳፋቸው ሲዳስሱ በመስኮት አይታለች። ‘አባዬ፣ እውነትህን ነው?’ የሚለው ጥያቄ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ደግማ ብትጠይቅ የሚመልሱላትን ስለምታውቅ፣ ሥራውም እንዳያመልጣት ስለፈራች መልሳ ዋጠችው። ‘ራሱ ነው ያለው’ ብላ ቁልፉን አነሳች። ኮምቦልቻ የቃል ሕግ የለም። ደግማ እንዳትጠይቅ የከለከላት ማንም አልነበረም።

"አውቅ ነበር" አለች።

"ተመዝግቧል። የመጀመሪያው ቃል ተሰርዟል። ሰባት ጥላ፣ ሦስተኛ መስመር፣ የሁለት ሰው መኖሪያ።"

ለአሥራ አንድ አራት ደቂቃ ይቀር ነበር። አወል ከደጅ ሆኖ በደስታ እጁን አጨበጨበ፤ ሻንጣዎቹን አስረከባቸውና ሌላ ባቡር ሊቀበል ሮጠ።

አባትና ልጅ በሰባቱ ሸራዎች ሥር መራመድ ጀመሩ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ነቀነቁላቸው፤ የተናገረ ግን የለም። አቶ ደባሽ ከልጃቸው ሁለት እርምጃ ቀድመው ይሄዳሉ። ሻንጣ ላግዝህ ስትላቸው ሰጧት፤ አልተግደረደሩም። ውዳላት ይህ ከሁሉ የበለጠ አስፈራት። ቢቆጧት በወደደች። ሦስተኛው መስመር መግቢያ ላይ ደርሳባቸው ክንዳቸውን ያዘች፤ እንባዋ እየወረደ ነበር።

"አባዬ" አለች፤ "ካልወደድከው ግድ የለም፣ እንመለሳለን።"

አቶ ደባሽ ቆሙ። ዞረው፣ መልስ የሚጠብቅ ሰው በሚያይበት ዓይን ትክ ብለው አዩዋት።

"ወዴት?" አሏት።